ብርጭቆ ለምን ይሰነጠቃል?

የፈላ ሻይ ሲቀዳበት ጧ ብሎ የሚሰነጠቅ ብርጭቆ የብዙ እኅቶችን እጅ አቃጥሏል፤ አጠገብ ሕፃን ካለማ ጉዳቱ የከፋ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ይበጃል።

ብርጭቆ የሚሠራው ከነጭ አሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ ድንጋይ ነው። አሸዋ ብቻውን የሚቀልጠው በ1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በመሆኑ፣ ባነሰ ሙቀት እንዲቀልጥ ሶዳ ይጨመርበታል፤ ኖራው ደግሞ በውሃ እንዳይሟሟ ያደርገዋል። ቅርጽ ከያዘ በኋላ በረጅም ምድጃ ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲበርድ ይደረጋል። ዋናው ነገር ይህ ነው። ፈጥኖ ከቀዘቀዘ ውጭው ደርቆ ውስጡ ገና ስለሚኮማተር፣ ውጥረቱ በውስጡ ተሸሽጎ ይቀርና በትንሽ ምክንያት ይሰበራል።

በቤትም የሚሆነው ከዚሁ አይርቅም። የፈላ ውሃ ሲገባበት ውስጡ ወዲያው ይለጠጣል፤ ውጭው ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። ወፍራም ብርጭቆ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ውጭ ስለማያደርስ፣ ከስሱ ይልቅ በቀላሉ የሚሰነጠቀው እርሱ ነው፤ ገበያ ላይ ግን ጠንካራ ነው እየተባለ ይመረጣል! ስለዚህ ሻይ ከመቅዳትዎ በፊት ብርጭቆውን ለብ ባለ ውሃ ያለቅልቁት፤ ትኩሱንም እርጥብ ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡት። አፉ የተሸረፈ ከሆነ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያው ነውና ትኩስ ነገር አይቀዱበት፤ ለቅመም ማስቀመጫ ይሆናል።