ለሮማን ማን አለቀሰላት?

ልብ ወለድ ሳነብ አለቅሳለሁ። ባለቤቴ ያውቀዋል፣ ልጆቼ ያውቁታል፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰውም አንድ ሁለቴ ታዝቦኛል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን የሚያሳስበኝ ያለቀስኩበት ገጽ አይደለም። ሳላለቅስ ያለፍኩት ነው።

በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልጀምር፤ የአገራችን አንባቢ ለልብ ወለድ ማልቀስን የለመደው በእሱ ነውና። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን መጽሐፍ ካነበበው ሰው በጆሮው የሰማው ይበልጣል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው የሰሙ ሰዎች ዛሬም ፊታውራሪ መሸሻን የሚያውቋቸው በወጋየሁ ድምፅ ነው። እኔ የደረስኩት በድጋሚ ሲተላለፍ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሬዲዮ የነበረው በሁለት ቤት ብቻ ስለነበር ሴቶቹ ሽሮ እየነፉ፣ ምስር እየለቀሙ ከእኛ በር ላይ ይሰበሰቡ ነበር። ሲያልቅ ማንም ቶሎ አይነሳም። አንዷ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስትወስድ ሌላዋ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታነሳለች።

ያኔ እኔን የሚያስለቅሰኝ ሰብለ ወንጌል እንደ መነኩሴ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ የወጣችበት መንገድ ነበር። የአባቷ ቤት ጠያቂ ሁሉ «ዘሩ አይመጥንም» እየተባለ የሚመለስበት ቤት ነው። በዛብህ ደግሞ የስለት ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት። እሷን ዘር አስሯታል፣ እሱን ስለት አስሮታል፤ እና ሁለቱም እስራቶች የተቋጠሩት በሚወዷቸው ሰዎች እጅ ነው። ይህ ነገር አሥራ ሰባት ዓመት ለሆናት ልጅ እንዴት አያስለቅስም?

አሁን አርባን ተሻግሬ መልሼ ሳነበው ዕንባዬ ቦታ ቀይሯል። ገና መጽሐፉ ሲጀምር ነው የሚይዘኝ፤ ማንኩሳ ላይ፣ ውድነሽ በጣሙ ጋ። ያገባቻቸው ባሎች እየሞቱባት «ገፊ ናት» የተባለች ሴት። ከዚያ ሀብትም ዘመድም የሌለው ቦጋለ መብራቱ ይመጣል። ሁለቱም የልጅነት ዕድሜ አልፏቸዋል፤ ደብዳቤ የለም፣ በመስኮት መተያየት የለም። አንድ ሰው የተፈራች ሴትን ሳይፈራ ቀረ፣ አለቀ። እኔ ለራሴ ከመጽሐፉ ፍቅሮች ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው፤ ግን በልጅነቴ ወደ ሰብለ ለመድረስ ስጣደፍ እንደ መግቢያ ነበር የማልፈው። የአንድ ልጃቸውን መታመም፣ የስለቱን ነገር፣ እናት ለትምህርት ሸኝታው ባዶ ቤት ስትመለስ ያለውን ሁሉ። ልጅ አንባቢ የሚያፈቅሩትን እንጂ የሚቀሩትን አያይም።

የሚቀሩት ካልኩ ዘንድ ወደ ሮማን ልምጣ።

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያነበባችሁ ሁሉ ፊያሜታ ጊላይን ታውቃላችሁ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበ፣ ደራሲውም በዓመቱ የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ የቀረ ስለሆነ ወሬው ሁሌም ወደ ፖለቲካው ያዘነብላል። ይገባዋልም። እኛ ሴቶቹ ግን ስንዋዋሰው የምናወራው ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ አልነበረም፤ ስለ አስመራና ስለ ፊያሜታ ነበር። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ለዘመቻው ወደ አስመራ ይሄዳል፣ ከእሷ ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ በኋላ አንባቢው በራሱ ልብ ላይ ሥልጣን የለውም። የእሷን መጨረሻ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ጓሮ የወጣሁት ትዝ ይለኛል።

ታዲያ አዲስ አበባ ላይ ሮማን አለች። ጸጋዬ እጮኛውን ትቶ ነው የሄደው። ታሪኩን የሚነግረን ራሱ ጸጋዬ ነው፤ «እኔ» እያለ። ስለዚህ ሮማንን የምናያት በእሱ ዓይን ነው፣ ያውም አንድ ሰው ቅር ሊያሰኘው የሚችለውን ነገር በሚያይበት ዓይን። እሱ ሲናፍቅ እንናፍቃለን፣ እሱ ሲረሳ እንረሳለን። አንባቢን እንደ «እኔ» የሚያስር ገመድ የለም። በዓሉ ይህን ሳያውቅ የጻፈው አይመስለኝም፤ ሰውየው ለሥራውም ለፍቅሩም ራሱን እንዴት እንደሚያሳምን እያሳየን ነው። እኛ ግን አብረነው አመንን።

አክስቴ አላመነችም።

መጽሐፉን ሃያ ዓመት ሲሆነኝ አዋስኳት። በሦስተኛው ቀን በፌስታል ጠቅልላ መለሰችልኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ይቺ ሮማን የምትባለው፣ ቀሚሱን ምን አደረገችው?»

የምን ቀሚስ እንደሆነ ያወቅሁት ነገሩን እናቴን ስጠይቃት ነው። አክስቴ ታጭታ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ ልጁ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲሄድ «ሲመለስ ሠርግ» ተብሎ። በዚያ ዘመን እንዲህ የሄደ ልጅ ብዙ ነው። አያቴ እንደ እናት ወግ ሽሮ ሜዳ ሄዳ ለሙሽራ የሚሆን ጥበብ አሠርታ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች። በአራተኛው ዓመት ያቺ ቀጭን፣ ሰማያዊ የአየር ደብዳቤ መጣች። እዚያ አብራው የምትማር ልጅ ነበረች፤ ተዋደዱ።

ደብዳቤውን እናቴ አይታዋለች፤ ጨዋ ደብዳቤ ነበር ትላለች። አክስቴን የጎዳት እሱም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጁ ያቺን ሴት አግብቶ አገር ለማምጣት ያየው አበሳ፣ የፈቃዱ ወረቀት፣ የቤተሰቡ ኩርፊያ፣ እሷ ደግሞ ሁሉን ትታ ተከትላው መምጣቷ፣ ለሰፈሩ እንደ ልብ ወለድ ሆነ። በየቡናው ይወራ ነበር። «ፍቅር ማለት እንዲህ ነው» ይባል ነበር። አክስቴም ስኒ ይዛ እዚያው ተቀምጣለች። ወሬው እውነት ነበር እኮ፤ በእርግጥም ተዋደው ነበር። የተረሳው ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጥበብ ብቻ ነው።

ጥበቡን በ1976 ዓ.ም. እናቴ ተዳረችበት። ለእናቴ ይሰፋ ያለችው ራሷ አክስቴ ናት፤ እጅጌው ረዝሞ ስለነበር በልኳ ያሳጠረችውም እሷ ነች። ፎቶው እስካሁን ሳሎናችን ውስጥ አለ። እሷም ዘግየት ብላ አግብታለች፣ ሦስት ልጆች ወልዳለች፣ እንደ ሰው ኖራለች። እንዲያውም ሳቂታ ናት። «ተጎድታ ቀረች» የሚል ታሪክ ሠርቼ እንዳልጽፍባት አስጠንቅቃኛለች።

ሰውየው የዛሬ ሁለት ዓመት አረፈ። አክስቴ ለቅሶ ሄደች። «ምን ታደርጊያለሽ?» ብለናት ነበር፤ «ጎረቤት አይደለም እንዴ?» አለች። ድንኳኑ ውስጥ ያቺ ሴት፣ አሁን ፀጉሯ የሸበተው፣ ጥቁር ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደኛው ተቀምጣ ነበር። አክስቴ እጇን ስትጨብጣት በተሰበረ አማርኛ «አንቺ ነሽ አይደል?» አለቻት። አክስቴም «እኔ ነኝ» አለች። አጠገቧ ቦታ ለቀቁላትና እስከ ማታ አብረው ተቀመጡ። ምን እንደተነጋገሩ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ ወዲህ የፍቅር ልብ ወለድ ባነሳሁ ቁጥር ዓይኔ ጥግ ጥጉን ይፈልጋል። ነቢይ መኮንን በማዕከላዊ እስር ቤት ሳለ፣ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚወጣ ብልጭልጭ ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመውን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን በቅርቡ ደግሜ አነበብኩ። የማርጋሬት ሚቼል መጽሐፍ ነው፤ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ስካርሌት ኦሃራ፣ ሬት በትለር። የትርጉሙን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ነገ መኖሩን የማያውቅ እስረኛ ለጓደኞቹ እያነበበላቸው፣ ወረቀቱም ከሚፈቱት ሰዎች ጋር በየፓኮው እየተደበቀ ወጣ። ያ ሁሉ ልፋት ለአንዲት ግትር ሴት ፍቅር! ይህን የሰማ ሰው «የፍቅር ልብ ወለድ የሥራ ፈት ነገር ነው» ለማለት አፉን መሰብሰብ ያለበት ይመስለኛል።

በልጅነቴ ከስካርሌት ጋር ነበርኩ፤ አሁንም ከእሷ ጋር ነኝ። ነገር ግን ለእርሻው ግብር 300 ዶላር በጠፋ ጊዜ የምታደርገውን አስታውሱ። ፍራንክ ኬኔዲ የታናሽ እህቷ የሱኤለን እጮኛ ነው። ስካርሌት «ሱኤለን ሌላ ልታገባ ነው» ብላ ትዋሸውና ራሷ ታገባዋለች። ቤቱ ይተርፋል፤ ቤተሰቡ በልቶ ያድራል፤ ሱኤለንም ከሚበሉት አንዷ ናት። አንባቢው ከስካርሌት ጋር «ተመስገን» ይላል። ሱኤለን ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ ነጭናጫ፣ ራስ ወዳድ ተደርጋ ስለተሣለች ማንም አያዝንላትም። ይህን ዘዴ ልብ በሉት፤ የሚቀረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ መጥፎ ጠባይ ይሰጠዋል፣ እንዳንሳቀቅ። በሰፈራችንም «እሷም እኮ ኩሩ ነበረች» ይባል ነበር።

ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ ሳይወጣ አንብቦ «ታዲያ ሰው ላለመጉዳት ሲባል የማይዋደዱ ሰዎች ይጋቡ ልትዪ ነው?» አለኝ። አላልኩም። በዛብህም ሰብለም የተጎዱት እኮ ሰው ሁሉ ቃሉንና ስለቱን ይጠብቅ በተባለበት አገር ነው። ያ ልጅ አክስቴን ያለ ፍቅር አግብቷት ቢሆን ኖሮ ምን ዓይነት ቤት ይሆን እንደነበር አክስቴ ራሷ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ «እግዜር አተረፈኝ» ስትል ሰምቻታለሁ። ልብ ወለድ ትዳር ያፈርሳል የሚሉ ሰዎችም አሉ፤ እኔ አላየሁም። ያየሁት ሌላ ነው፦ የሰው ቤት ሲፈርስ ቶሎ ብለን ከባለታሪኮቹ አንዱን እንመርጥና ሌላውን ከገጹ እናስወጣዋለን። እጮኛው አረብ አገር ሄዶ የቀረባት ልጅ፣ ወይም እሷ ሄዳ እዚያ ያገባችበት ልጅ፣ ዛሬ በየሰፈሩ አለ። ወሬውን የምንሰማው ከሄደው በኩል ነው፤ ፎቶ የሚልከው እሱ ነዋ።

ደግሞ ለደራሲዎችም ልከራከር። አንድ ልብ ወለድ ለሁሉም ሰው እኩል ገጽ ቢሰጥ የቀበሌ መዝገብ ይሆን ነበር። ፍቅር ራሱ አድሏዊ ነው፤ ከሚሊዮን ሰው አንዱን ይዞ ሌላውን አላይም ማለት ነው። ፊያሜታን አሁንም እወዳታለሁ፤ በዚያ ገጽ ላይ አሁንም አለቅሳለሁ። የተጨመረው ነገር ቢኖር ከዚያ በኋላ ወደ መጀመሪያዎቹ ገጾች ተመልሼ ሮማንን መፈለጌ ነው።

ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እሷና ጓደኞቿ በቴሌግራም በክፍል በክፍል የሚለቀቅ የፍቅር ታሪክ ነው የሚያነቡት፤ ሌሊት ስድስት ሰዓት «ክፍል 47 ወጣ!» ብላ የምትነሳበት ጊዜ አለ። አንዳንዱ ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ ፊደሉ እንኳ አይታረምም፤ ዕንባው ግን ያው ዕንባ ነው። ባለፈው ወር «ኦሮማይ»ን ሰጠኋት። በአራት ቀን ጨርሳ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ስለ ፊያሜታ አወራን፣ ስለ አስመራ አወራን፣ ጸጋዬ ላይ ተናደደች። ቆይቼ «ሮማንስ?» አልኳት።

«ውይ፣ እሷማ...» ብላ ትንሽ አሰበች። «እማዬ፣ ቆይ ግን፣ ሠርጋቸው ቀርቦ አልነበር?»

መጽሐፉን መልሳ ወደ ክፍሏ ይዛው ገባች። እስካሁን አልመለሰችልኝም። እሑድ አክስቴ ጋ ቡና ተጠርተናል፤ ይዛው ትሂድ እንደሆነ እንጃ።

ከእናንተስ፣ ካነበባችሁት መጽሐፍ ሁሉ ማን ቀርቶባችኋል? ስሙንና መጽሐፉን በተለመደው የፖስታ ሳጥናችን ጻፉልኝ፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት አንዳንዶቹን እዚሁ እንጫወትባቸዋለን።