አዲስ መኪና፣ ቡናማ ነጠብጣብ

አዲስ መኪና የገዛችሁ የመጀመሪያዋን ሳምንት አትረሷትም። ልጆች ጫማቸውን አውልቀው ካልገባን ይላሉ፤ ጎረቤት እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት ይመጣና ቀለሙን በጣቱ ነካ ያደርጋል። እኛ ቤት ይህ ደስታ የመጣው ከዓመታት እቁብ፣ ከባንክ ብድርና ከባለቤቴ ጋር ካደረግነው ረጅም ክርክር በኋላ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ አዲስ መኪና ማለት የኤሌክትሪክ መኪና ማለት ነውና የእኛም ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ናት።

የሸጡልን ሰዎች «አንቲረስቱን በነፃ እንቀባላችኋለን» አሉን። እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። «በነፃ» የሚለውን ቃል በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምጽፈው የማውቀው እኔው ነኝ። ያም ሆኖ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ምን እንደሚቀቡ፣ የት የት እንደሚቀቡ አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም።

በአራተኛው ቀን እሁድ ነበር። አባቴን ይዘን ወደ አራዳ ጊዮርጊስ ወጣን። አባዬ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ያደግንበት የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈርሶ ከፒያሳ ርቀን ብንሄድም እሱ ለቅዳሴ ሌላ ደብር አይሆንለትም። ሁለት ታክሲ እየቀያየረ ይመጣ ነበር። እውነቱን ለመናገር ብድሩን የደፈርነው ለእሱ ብለን ነው።

ከቅዳሴ ስንወጣ ፀሐዩ ከሯል። ወደ መኪናዋ ስንቀርብ ከአራቱም በሮች ሥር ቡናማ ቅባት ወርዶ በጎን ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ አጨማልቆታል። ከኋላ ጎማው በላይ ፓራፋንጎው ላይም እንደ ማር የተንጠለጠለ ጠብታ አለ። ባለቤቴ ስልኩን አውጥቶ ወደ ሻጮቹ ደወለ። «ሲሞቅ ነው፣ ይቆማል» አሉት።

እኔ ግን አልጠበቅኩም። በማግስቱ ፒያሳ ከአንድ ቀለም ቤት ቲነር ገዛሁ። በዕቃ ማጠቢያ ሻካራ እስፖንጅ በግራ በኩል ያለውን የኋላ በር ፕላስቲክ ፈተግኩት። ቡናማው ለቀቀ። ችግሩ ጥቁሩም አብሮ ደበዘዘ። የመዳፍ ያህል ቦታ ነጣ ብሎ ቀረ። ማታ ባለቤቴ አየውና «አንድ ቀን መታገሥ አቅቶሽ ነው?» አለኝ። እኔም መልስ አላጣሁም። እራት በዝምታ ተበላ።

አባዬ ግን በሚቀጥለው ቀን መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየው። ጠብታውን በሁለት ጣቱ አሸት አደረገው፣ አሸተተው። «ይኼ ሰምና ዘይት ነው ልጄ። ዘይት በጉልበት አይወጣም፣ በዘይት ነው የሚወጣው። እስቲ የወጥ ዘይት አምጪልኝ» አለኝ።

እናንተም እንደ እኔ ከመቸኮላችሁ በፊት ነገሩን ተረዱት። ብዙ ጊዜ በበር ውስጥና በመጋጠሚያዎች የሚረጨው አንቲረስት ሰምና ዘይት ያለበት ነው። ወደ ስንጥቆቹ ሰርጎ እንዲገባ ተብሎ ሲቀባ ቀጭን ይደረጋል። በሩ ከሥር ውኃ እንዲወጣበት የተተዉ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ትርፉ በእነሱ በኩል ይወርዳል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይበልጥ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት መንጠባጠቡ ጉድለት አይደለም። ጉድለቱ ሠርተው ሲጨርሱ አለመጥረጋቸውና አስቀድመው አለመንገራቸው ነው።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አሸዋውን በውኃ አስለቅቁ፤ አቧራ ያለበትን ፕላስቲክ ከፈተጋችሁ ትቧጭሩታላችሁ። መኪናዋን ጥላ ውስጥ አቁሟት። ለብ ያለ ውኃ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጋችሁ በለስላሳ ጨርቅ ሞክሩ፤ አዲስ ጠብታ ብዙውን ጊዜ በዚህ ይለቃል። ካልለቀቀ ጥቂት የምግብ ዘይት በጨርቅ ነክራችሁ እድፉ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አሳርፉት። ሲላላ ከዳር ወደ መሐል ጥረጉ፤ ከመሐል ወደ ዳር ከሄዳችሁ እድፉን ታሰፉታላችሁ። የጨርቁን ንጹሕ ገጽ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። በመጨረሻ በሳሙና እጠቡት። ፕላስቲኩ ሻካራ ከሆነ በጉድጓዶቹ ውስጥ የቀረውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ አውጡ።

እድፉ ከቆየና ከደረቀ አባዬ ላምባ ይጠቀማል። ጨርቅ ላይ ጥቂት ጠብታ ብቻ፣ በጓንት፣ ከቤት ውጭ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት፣ መኪናዋም ቻርጅ ላይ ሳትሆን። መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩት፤ ከዚያ ወዲያው በሳሙና እጠቡ። የበሩን ጎማ ግን ላምባ አታስነኩት፤ ጎማ ላምባ ሲጠጣ ያብጣል። ለእሱ ሳሙና ይበቃዋል። ቲነር፣ ቤንዚንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፕላስቲኩንም ቀለሙንም ይጎዳሉ። ሽቦ እስፖንጅ ደግሞ ከነጭራሹ አታስቡት።

ስታጸዱ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው የበሩ የውኃ ቀዳዳዎች ናቸው። ሰሙ ከደፈናቸው የዝናብ ውኃ በበሩ ውስጥ ይቀመጥና ዝገትን ለመከላከል የተቀባው ነገር ራሱ ዝገት ያመጣል። በቀጭን እንጨት በጥንቃቄ ክፈቷቸው። ሁለተኛው ፍሬን ነው። በጎማው በኩል የፍሬኑ ዲስክ ላይ ቅባት ካያችሁ ራሳችሁ አትነካኩት፣ አትንዷትም፤ ባለሙያ ጥሩ። በዲስክና በፍሬን ሸራ መካከል ቅባት ከገባ መኪናዋ በሚገባ ላትቆም ትችላለች።

የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነች ደግሞ ከመቀባቷ በፊት መመሪያዋን አንብቡ። ከሥሯ የተዘረጉት ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፉ ናቸው። እነሱና የባትሪው ማስተንፈሻ ይረጫሉ ተብለው የተሠሩ አይደሉም። ጋራዡን «ምን ትቀባላችሁ? የት የት? ምኑን ትሸፍናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የምርቱን ስም ጻፉ፤ ከመስጠታችሁ በፊት የመኪናዋን ፎቶ አንሱ።

«አዲስ አበባ ላይ ግን አንቲረስት ምን ያደርጋል?» ብዬ አባዬን ጠየቅኩት። በውጭ አገር በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ በባሕር ዳርቻ ደግሞ ጨዋማ አየር አለ። እኛ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ ሁለቱም የሉብንም። እሱ ግን ሳቅ ብሎ «ክረምቱስ? ፓራፋንጎ ሥር የተጣበቀ ጭቃ እስከ መስቀል እርጥበት ይዞ ይቆያል» አለኝ። ምክሩ ቀላል ነው፤ በክረምት በሁለት ሳምንት አንዴ ላቫጆ ስትገቡ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥር ጭምር ይታጠብ በሉ።

ላቫጆ፣ ፓራፋንጎ፣ ቸርኬ... ፒያሳ ስሟን ከጣሊያን እንደወሰደች ሁሉ አባዬም የመኪና ቋንቋውን ከዚያው ወስዷል። የእኛ መኪና ፍሪሲዮን እንደሌላት ስነግረው በጣም ተገርሞ ነበር። ዝገትና ዘይት ግን ለእሱ አዲስ አይደሉም።

እድፉ ዛሬ የለም። የመዳፍ ያህሉ የነጣ ቦታ ግን አለ። ባለቤቴ ፕላስቲኩ ይቀየር ብሎ ዋጋ ጠይቆ ነበር፤ ሲነግሩት ዝም አለ። ባለፈው እሁድ አባዬ በዚያው በር ሲገባ አየት አድርጎ «ተይው፤ ሁለተኛ ስትቸኩዪ ታይዋለሽ» አለኝ። ባለቤቴ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ብድሩ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል፤ ያ ምልክትም አብሮን ይከርማል።