ቀጭኑ ሞገድ ከወዴት ይመጣል?

በጣና ዳር የቆመ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ትልቅ ጀልባ ሲያልፍ ረጅም ሞገድ ይነሣል፤ ጠጠር ሲወረወር ግን ጥቃቅን ሞገድ ይበተናል። ሞገዱን አይቶ ያስነሣውን መገመት ይቻላል። የሰማዩም ነገር እንዲሁ ነው።

አልበርት አይንስታይን በ1908 ዓ.ም. ከባድ አካላት ሲናወጡ ጠፈር ራሱ በስበት ሞገድ እንደሚርገበገብ በሒሳብ አሳየ። ሞገዱ የተያዘው ግን መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. በአሜሪካ ባሉት የላይጎ መሣሪያዎች ነው። ምንጩም የፀሐይን 36 እና 29 እጥፍ ያህል የሚመዝኑ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተጋጭተው መዋሐዳቸው ነበር። ሞገዱ በሴኮንድ ከ35 እስከ 250 ጊዜ ያህል ስለ ተርገበገበ፣ ድምፅ ቢሆን ኖሮ እንደ በገና ወፍራም ነበር።

አካሉ በከበደ መጠን ሞገዱ ይወፍራል፤ በቀለለ መጠን ይቀጥናል። ከሞተ ኮከብ የሚወለድ ጥቁር ጉድጓድ ደግሞ ከፀሐይ አይቀልም። ስለዚህ በሴኮንድ ከ10,000 ጊዜ እጅግ በላይ የሚርገበገብ ሞገድ ቢገኝ፣ ከምናውቃቸው ኮከቦች የመጣ አይሆንም። ሊቃውንት የሚገምቱት፣ በዓለም መጀመሪያ የተወለዱ ጥቃቅን ጥቁር ጉድጓዶችን ወይም ያን ጊዜ ትኩሱ ዓለም ጠባዩን ሲለውጥ የተነሣውን ንውጽውጽታ ነው። እንግዲህ ቀጭኑን ሞገድ መፈለግ የፍጥረትን የመጀመሪያ ወሬ መጠየቅ ነው።

«ይህስ ለእንጀራ ምን ይረባል? ደግሞም የሀብታም አገር ሥራ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። በእኔ አስተያየት ይህ አነጋገር ልክ አይደለም። የላይጎ ክንድ 4 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ለቀጭኑ ሞገድ ግን ትንሽ መሣሪያም ይበቃ ይሆናል። የምዕራብ አውስትራልያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ ሳንቲም ባለ የኳርትዝ ዝርግ ሁለት እንግዳ ምልክቶች መዝግበው በ2013 ዓ.ም. አሳወቁ። ምንጩ ስላልተረጋገጠም «አገኘን» ብለው አልፎከሩም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለም?

በከተማችንም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ መኖሩ፣ የሰማይ ጥናት ለእኛም እንደሚቻል ምስክር ነው።

ስለዚህ የሳይንስ ክበባችን በአንድ ሌዘር፣ በሁለት መስታወትና በአንድ ብርሃን ከፋይ መስታወት የላይጎን አሠራር በትንሹ ይሥራ። የስበት ሞገድ አይዝም፤ ነገር ግን የእግር ኮቴ ብርሃኑን ሲያናውጠው አይተን፣ የራሳችንን ጫጫታ ከእውነተኛው ምልክት መለየት እንማራለን። ወላጆችም ፊዚክስ የመረጠውን ልጅ «ምን ሊበላ ነው?» ከማለት ይልቅ «ምን ሰማህ?» ብለው ቢጠይቁት መልካም ነው።