እግሩ አልሰፋም፤ ጫማው ነው የጠበበው

ከጋዝጊብላ ወይም ከዳህና ገጠር ተነስቶ ሰቆጣ ከተማ የሩጫ ጫማ ሊገዛ የሚገባ ወጣት የሚገጥመው ነገር ይታወቃል። ሻጩ «ስንት ቁጥር?» ይለዋል። 41 ይሞክራል፤ ርዝመቱ ልኩ ነው፣ ጎኑ ግን ትንሿን ጣት ይጨፈልቃታል። 42 ይሰጠዋል፤ ያው ነው። 43 ላይ ሲደርስ ጎኑ ትንሽ ፋታ ይሰጠዋል፣ ተረከዙ ግን ጫማው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። ልጁ ሲያመነታ ሻጩ በአገሩ ያለ ጫማ ሻጭ ሁሉ የሚለውን ይለዋል፦ «ግዴለህም፣ ሲለበስ ይለቃል።» አሁንም ካልተዋጠለት ሌላ ይጨመርለታል፦ «እግርህ ነው እንጂ ጫማውማ ምን ወጣለት!»

መታረም ያለበት ይህ የመጨረሻው አባባል ነው። ጥፋቱን ከጫማው አንስቶ እግሩ ላይ ይጭናል። ልጁም አምኖ፣ አፍሮ፣ 43 ቁጥሩን ገዝቶ ይወጣል።

ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚለካው ርዝመትን ብቻ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በአንድ ቁጥርና በቀጣዩ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፤ 42 ቁጥር ማለት ጫማው የተወጠረበት ፎርማ 28 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ስለ ስፋት ምንም አይናገርም። ስፋቱን የሚወስነው ፎርማው ነው፤ ፎርማው ደግሞ የተቀረጸው በልጅነቱ ጀምሮ በጫማ ታስሮ ላደገ የከተማ እግር ነው።

የዋግ ልጅ እግር እንዲያ አላደገም። በባዶው፣ በበረባሶ ወይም በፕላስቲክ ሰንደል ከፍየል ኋላ ገደል ለገደል ሲል የዋለ እግር ጣቶቹ ይዘረጋሉ፣ ፊቱ ይሰፋል። ይህ ጉድለት እንዳልሆነ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆፍማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1905 ጫማ የማያደርጉ ሕዝቦችን እግር ከጫማ ለባሾች ጋር አነጻጽሮ፣ የጣቶቹ ተፈጥሯዊ አቀማመጥ ዘርጋ ያለ መሆኑንና የሚያጣብቃቸው ጫማ መሆኑን አሳይቷል። የቤልጂግ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናትም በባዶ እግራቸው የኖሩ ደቡብ ሕንዳውያን እግር ከጫማ ለባሾች እግር ሰፋ ብሎ ተገኝቷል። እግሩ የሆነው መሆን ያለበትን ነው።

ጠባብ ጫማ ቀልድ አይደለም። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወስደው መንገድ ሁሉ ቁልቁለት ነው። ስፋት ፍለጋ ሁለት ቁጥር አስረዝሞ የገዛ ሯጭ ቁልቁለት ላይ እግሩ ወደ ፊት ይንሸራተትበታል፤ ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ይወድቃል። በልኩ ቁጥር የገዛው ደግሞ ጎኑ ውሃ ይቋጥራል፣ በጣቶቹ መካከል ያለው ነርቭ ይጨነቃል፣ ውሎ አድሮ አውራ ጣቱ ይጣመማል። አሠልጣኙ «ልጁ ቀዘቀዘ» ይላል። ጫማውን ገልጦ ያየ ግን የለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ የሩጫ ዝና የሚጀምረው ከማይመች ጫማ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ፤ የዓለምንም ክብረ ወሰን ያዘ። ጫማ አጥቶ አልነበረም። በሰፊው እንደተጻፈው አዲዳስ ጫማ አቅርቦ ነበር፤ ከቀሩት ጥንዶች መካከል ግን ለእርሱ እግር የሚመች አልተገኘም። በባዶ እግሩ ሲለማመድ ቆይቶ ስለነበር ጫማውን ትቶት ገባ።

አገሪቱ ይህን ታሪክ ከስልሳ ዓመት በላይ እንደ ተአምር ስታወራው ኖራለች። ተአምርነቱስ ማን ይክዳል? ግን ከተአምርነቱ በስተጀርባ ቅሬታ ነበረ፦ ጫማው አልሆነም። ያን ቅሬታ ቁም ነገር ብሎ የሰማው የባዕድ ጫማ ሠሪ ነው። ጃፓናዊው ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ እ.ኤ.አ. በ1961 አበበ ለማይኒቺ ማራቶን ጃፓን በሄደ ጊዜ ራሳቸው ሄደው ጫማቸውን እንዲያደርግ አሳመኑት፤ አድርጎት ሮጠ፣ አሸነፈም። ኩባንያቸው ዛሬ አሲክስ ይባላል። የጃፓን የጫማ መለኪያ ደረጃም ከርዝመቱ ጎን የእግሩን ዙሪያ ለይቶ ይመድባል። እነርሱ የአበበን እግርም የራሳቸውን ሕዝብ እግርም አዩ። እዚህ ግን የአበበ ሐውልትና ፎቶግራፍ ቀረ፤ እግሩ ተረሳ።

«እንግዲያው እንደ አበበ በባዶ እግራቸው ይሩጡ» የሚል አይጠፋም። የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ጫማ አድርጎ ነው የሚያወራው። አበበ ራሱ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የሮጠው ጫማ አድርጎ ነው። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር ሳይሞላው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ከሮም በሦስት ደቂቃ የፈጠነ ነበር። ፍጥነቱ የጫማው ነው የሚል የለም። ነገር ግን ልኩ የሆነ ጫማ ሲያገኝ ባዶ እግርን እንደ እምነት አልያዘውም።

ዛሬም የኢትዮጵያ እግር ለጫማ ኩባንያዎች ማስታወቂያ ነው። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የሴቶችን ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ይመዝን ነበር፤ ዋጋው 500 ዶላር። እርሷ ያገኘችው ይገባታል፣ ሲያንሳት ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። ጫፍ የደረሰ አትሌት ኩባንያው ራሱ ይፈልገዋል፤ ገና ከታች ያለው የዋግ ልጅ ግን ከመርካቶ የተጫነ ኮፒ ወይም የሳልቫጅ ጫማ ውስጥ እግሩን ይጠቀጥቃል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

«ዋግ ድርቅና ጦርነት የተፈራረቀበት አገር ሆኖ ሳለ ወሬው ስለ ጫማ ስፋት ነው?» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው፤ መልስ ይገባዋል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ የገባው ቃል የተሰየመው በዚችው ከተማ ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። የዚያ ቃል መሠረቱ መለካት ነው፦ የሕፃኑ ቁመት ይለካል፣ ካጠረም ጥፋቱ የሕፃኑ አይባልም። የአካባቢውን ሕፃን ቁመት የለካ አገር ልጁ አድጎ ሲሮጥ እግሩን መለካት አይከብደውም። እርሻው በዝናብ ለተፈረደበት ቤተሰብ ልጅ ሩጫ ከጥቂቶቹ መውጫ በሮች አንዱ ነው፤ በሩ ላይ የሚያስቀረው ደግሞ የአንድ ጣት ስፋት መሆን የለበትም።

«ገበያው ትንሽ ነው፣ ማን ይሠራለታል?» የሚሉም አሉ። ከአፍሪካ በከብት ሀብት ቀዳሚ የምትባል አገር ናት። ዱከም ላይ ሁዋጂያን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ ጫማ ሲያመርት የኢትዮጵያ እጅ ይሰፋ ነበር፤ ፎርማው ግን የሌላ አገር እግር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አሜሪካ የአጎዋን ከቀረጥ ነጻ ዕድል ስትዘጋ፣ በሰው እግር ልክ ሲሠራ የኖረ ዘርፍ ለራሱ ሰው የሚሸጠው አጣ። ኬንያውያን በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስበው «እንዳ» የተባለ የራሳቸውን የሩጫ ጫማ ጀምረዋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ባለቤቱ እግሩን ከናቀ የውጭ ፋብሪካ ሊያከብርለት አይችልም።

መደረግ ያለበት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ክለቦችና የሥልጠና ማዕከላት ልጅ ሲመለምሉ ቁመትና ክብደት እንደሚመዘግቡ ሁሉ የእግርን ርዝመትና ስፋት ይመዝግቡ። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ያን መረጃ ሰብስቦ ጫማ ለሚያቀርቡ ኩባንያዎች ያስቀምጥላቸው፤ የሚለብሰው ሰው በስሙ እየተነገደበት ልኩን መጠየቅ መብቱ ነው። አስመጪውም ስፋት ለይቶ ይዘዝ፤ ኒው ባላንስ፣ ብሩክስና አሲክስ አንዱን ሞዴል በተለያየ ስፋት ያወጣሉ። በአሜሪካው አሠራር ለወንድ መደበኛው «ዲ»፣ ሰፊው «ሁለት ኢ»፣ እጅግ ሰፊው «አራት ኢ» ነው። ለሴት መደበኛው «ቢ»፣ ሰፊው «ዲ» ስለሆነ፣ እግሯ ሰፊ የሆነ ሴት የወንድ ጫማ ብትሞክር ያዋጣታል።

ይህ እስኪሆን ሯጩ ራሱን ይጠብቅ። ጫማ የሚገዛው ወደ ማታ፣ እግሩ አበጥ ባለበት ሰዓት ይሁን። የውስጥ ሶሉን አውጥቶ ይቁምበት፤ እግሩ ከሶሉ ጠርዝ ከፈሰሰ ያ ጫማ የእርሱ አይደለም፣ «ይለቃል» ቢባልም። ከሳልቫጅ ክምር ሲመርጥ የጫማው ምላስ ላይ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ፊደሉንም ይይ። ጎኑን የሚይዘው ከሆነ ክሩን በጣቶቹ በኩል ካሉት ቀዳዳዎች አውጥቶ ከላይ ብቻ ይሰር። ከውጭ ጫማ የሚልክ ዘመድም በስልክ «ስንት ቁጥር ነህ?» ብሎ አይብቃው፤ ልጁ ወረቀት ላይ ቆሞ የሁለት እግሩን ዙሪያ በእስክሪብቶ ያስነድፍ፣ ስፋቱን በማስመሪያ ለክቶ በፎቶ ይላክለት።

የሰቆጣው ሻጭ ክፉ ሰው አይደለም፤ የመጣለትን ነው የሚሸጠው። ከእርሱ የሚፈለገው አንድ ጥያቄ መጨመር ነው። «ስንት ቁጥር?» ካለ በኋላ «ስፋቱስ?» ይበል። ያን ቀን መልስ የሚጠየቀው ጫማው ይሆናል።