የፖሊስ ውሻ፦ አፍንጫ ወይስ ጥርስ?

ወንድሞችና እኅቶች ተማሪዎች፤ ስለ ውሻ መጻፌን ስታዩ «ምነው፣ ሌላ የሚጻፍ ነገር ጠፋ?» የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን ፖሊስ በማሰሪያ ይዞት የሚወጣው ውሻ ነገር የውሻ ነገር ብቻ አይደለም። ሕግ አስከባሪው ሕዝቡን በምን ዐይን እንደሚያየው ከውሻው ምርጫ መረዳት ይቻላል። ስለዚህ ጥቂት ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ አንድ ማለዳ እህል በረንዳ ያየሁት ነገር ነው። አጎቴ ለቤቱ ጤፍ ሊገዛ ሲሄድ ተከትዬው ሄጄ ነበር። የእህል በረንዳን ማለዳ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጎጃምና ከአድአ የመጣው ጤፍ ከመኪና ይራገፋል፤ ደላላው ይጮኻል፤ ነጋዴው ከጆንያው በመዳፉ እየዘገነ ማኛውንና ሠርገኛውን ያሳያል፤ ሴቶች መሬት ላይ የፈሰሰውን እህል ጠርገው ያበጥራሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ተሸካሚው ኩንታሉን ጫንቃው ላይ አድርጎ፣ ዐንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ኩንታል የተሸከመ ሰው የሚያየው የራሱን እግርና ከፊቱ ያለውን አንድ ክንድ የሚያህል መሬት ብቻ ነው።

አንድ ነጋዴ መጋዘኑን ለማስጠበቅ ሮትዌለር ገዝቶ ኖሯል። ሌሊቱን ሲጠብቁ ያደሩት ሽማግሌ ዘበኛ ውሻውን በሰንሰለት ይዘው ወደ ማሰሪያው ሲወስዱት፣ ተሸካሚው «መንገድ! መንገድ!» እያለ ደረሰ። ውሻው ዘለለ፤ ሽማግሌውን ጎትቶ ጣላቸው፤ የተሸካሚውን ጭን ያዘ። ሰውየው ሸክሙን ጥሎ ለመሮጥ እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ ወደቀ፣ ጆንያውም ከላዩ ወደቀበት። ውሻውን ለማላቀቅ ሦስት ሰዎች አስፈለጉ። ከዚያ በኋላ «ይህ ውሻ ተከትቧል ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልስ ጠፋ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውምና፣ ያ ምስኪን ቁስሉን ይዞ ለመከላከያው መርፌ መመላለስ ግድ ሆነበት። የቀን ሠራተኛ ደግሞ ካልተሸከመ አይበላም።

ማታ ይህን ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ባወራሁላቸው ጊዜ አንደኛው «በል እንግዲህ፣ ፖሊስ እንዲህ ያለ ውሻ ቢኖረው መርካቶ ውስጥ ኪስ የሚዳብስ ሌባ ባልኖረ!» አለኝ። ሌሎቹም «እውነት ነው» አሉ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። ያን ሌሊት ያልጨረስኩትን ክርክር እነሆ ዛሬ በጽሑፍ እጨርሰዋለሁ።

በመጀመሪያ በሮትዌለር ላይ ፍርድ ላለማጓደል የሚገባውን ልናገርለት። ስሙ የመጣው በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ከምትገኘው ከሮትቫይል ከተማ ነው። የሥጋ ነጋዴዎች ከብት ወደ ገበያ ሲነዱ የሚረዳቸው፣ ጋሪም የሚጎትትላቸው ውሻ ነበር። ከብት በባቡር መጓጓዝ ሲጀምር ግን ሥራ ፈታ፤ ዘሩም ሊጠፋ ተቃረበ። እንደገና እንጀራ የሰጠው የፖሊስ ሥራ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 በጀርመን ለፖሊስ ሥራ ከተመረጡት የውሻ ዘሮች አንዱ ሆነ። ብርቱ ነው፤ ደፋር ነው፤ ትምህርት ይገባዋል፤ ላሳደገው ሰው ታማኝ ነው። ስለዚህ «ሮትዌለር ለፖሊስ ጨርሶ አይሆንም» የሚል ሰው ታሪኩን አያውቅም። የእኔ ጥያቄ «ለየትኛው የፖሊስ ሥራ?» የሚል ነው።

አሁን ከሌሎቹ ጋር እናስተያየው። ወንዱ ሮትዌለር 50 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ጀርመን ሼፐርድ የሚባለው ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው። ስሙን ከቤልጂግ ከተማ ከሜኽለን ያገኘው ማሊኖዋ ደግሞ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ቢሆን ነው። የቤልጂግዋ የጌንት ከተማ ፖሊስ በ1899 ውሾችን አሠልጥኖ ለሌሊት ጥበቃ ካሰማራ ወዲህ፣ የብዙ አገሮች ፖሊሶች እየመረጡ የመጡት እነዚህን ቀለል ያሉትን የእረኛ ውሾች ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውሻ እንደ ሰው በመላ አካላቱ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያበርደው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ግዙፍና ጥቁር ጠጕር ያለው ውሻ በፀሐይ ቶሎ ይደክማል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ባያስቸግር፣ የፌዴራል ፖሊስ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሰመራም እንደሚዘምት እናስታውስ። ከዚህም በላይ የሮትዌለር ዕድሜ ባመዛኙ ከ8 እስከ 10 ዓመት ነው፤ ሥልጠናው የሚወስደው ጊዜ ሲቀነስ ለሥራ የሚተርፈው ዘመን አጭር ነው። ስለ ቀለቡ አልናገርም፤ የሥጋን ዋጋ የምታውቁት ናችሁና፣ ብንናገር የምግብ ቤታችንን ወጥ አስታውሰን እንቀናለን።

እነዚህ ሁሉ ግን የገንዘብና የድካም ነገሮች ናቸው። ዋናው ነገር ሌላ ነው። ጓደኛዬ እንዳለው የመርካቶን ኪስ አውላቂ በውሻ ጥርስ መያዝ ይቻላልን? እስቲ አስቡት። በገበያ መካከል «ሌባ!» ተብሎ በተጮኸ ጊዜ የሚሮጠው ሌባው ብቻ አይደለም። የተሰረቀው ይሮጣል፤ አባራሪው ይሮጣል፤ የፈራው ይሮጣል፤ ልጅዋ የጠፋባት እናት ትሮጣለች። የተለቀቀ ውሻ ከእነዚህ መካከል ጥፋተኛውን በምን ይለያል? የሚይዘው መጀመሪያ የደረሰበትን ነው። መጀመሪያ የሚደረስበትም መሮጥ የማይችለው ነው፤ እርሱም ሽማግሌው፣ እህል ጠራጊዋና ኩንታል የተሸከመው ነው። ሌባውማ ባዶ እጁን ስለሆነ በአቋራጭ ገብቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል።

በአሜሪካ አገር ሃያ ዓመት ያህል በውሻ የተገደሉ ሰዎችን የመረመሩ ሊቃውንት በ2000 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከ238 ሞቶች ከግማሽ በሚበልጡት የፒትቡል ዓይነቶችና ሮትዌለሮች እንዳሉበት አሳይተዋል። እነዚሁ ሊቃውንት ግን በዚህ ብቻ አንዱን ዘር አደገኛ ነው ብሎ መፍረድ እንደማይገባ አስጠንቅቀዋል፤ ማንኛውም ዘር ሊነክስ ይችላልና። እኔም ማስጠንቀቂያቸውን እቀበላለሁ። ሆኖም 50 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ሲሳሳት ስሕተቱም በዚያው መጠን ይከብዳል፤ እህል በረንዳ ያየሁትም ይህንኑ ነው።

ዘር ብቻውን ነገሩን እንደማይወስን የሚያስረዳ ሌላ ታሪክ አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት 1963 በአሜሪካ በአላባማ ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ፣ ጥቁሮች ሰብአዊ መብታችን ይከበር ብለው ሰልፍ በወጡ ጊዜ፣ የከተማይቱ ጸጥታ ሹም ቡል ኮነር ውሾች አስወጣባቸው። ከሰልፈኞቹ ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። ውሻ የልጅን ልብስ ሲቦጭቅ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። እነዚያ ውሾች ሮትዌለሮች አልነበሩም፤ እኔ ከላይ ያመሰገንኳቸው ጀርመን ሼፐርዶች ነበሩ። እንግዲያስ ጥፋቱ የማን ነው? ውሻው የታዘዘውን አደረገ፤ ያዘዘው ግን ሰው ነው። ፖሊስ ውሻ የሚመርጠው ለማስፈራራት ከሆነ፣ የትኛውንም ዘር ቢመርጥ መጨረሻው በርሚንግሃም ነው።

በሌላ በኩል ውሻ ሕይወት ሊያድን የሚችልበት ሥራ አለ። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በሕዝብ መካከል ቦምብ ሲፈነዳ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። እንዲህ ያለውን አደጋ የሮትዌለር መንጋጋ አይመልሰውም። አስቀድሞ ሊደርስበት የሚችለው በር ላይ ቆሞ የሚያሸት አፍንጫ ነው። የውሻ አፍንጫ ሽታ የሚቀበሉ ሕዋሳቱ ከ200 ሚሊዮን በላይ ናቸው ሲባል፣ የእኛ ግን 5 ሚሊዮን ያህል ነው። ለዚህ ሥራ ላብራዶርና ስፓኒየል፣ ማሊኖዋም ጭምር፣ በዓለም ሁሉ ተመስክሮላቸዋል። ሮትዌለርም ማሽተት አያቅተው ይሆናል፤ ነገር ግን ሕዝቡ ገና ሲያየው ከሸሸው፣ በሰው መካከል ገብቶ እንዴት ይፈትሻል?

ስለዚህ አሳቤን በሦስት ቃል ልጠቅልለው። አንደኛ፣ ለፖሊስ ውሻ የሚወጣው ገንዘብ በቅድሚያ ለአነፍናፊ ውሾች ይዋል። የሚነክስ ውሻ ካስፈለገም ለሌሊት መጋዘን ጥበቃና መሣሪያ ለያዘ ወንጀለኛ እንጂ፣ ለገበያና ለሰልፍ አይሁን። ሁለተኛ፣ የፖሊስም ሆነ የነጋዴ ውሻ ይከተብ፤ የነከሰውም ሰው ሕክምናና የሥራ ቀኑ ዋጋ በባለውሻው ይከፈል። ሦስተኛው የሚመለከተው እኛኑ ነው። በቢሾፍቱ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲያችን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተማሪዎች የአበሻን ውሻ አንሥተው ይፈትኑት። ሙቀቱን፣ ረኀቡንና በሽታውን ችሎ የኖረው ይህ ውሻ አፍንጫው ለሥራ ሲበቃ ቢገኝ፣ ከውጭ ለሚመጣው የምንከፍለው ዋጋ በቀረልን ነበር።

የአገራችን ሰው «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል። የፖሊስ ውሻ የሚበላው ከሕዝብ ግብር ነው፤ ከዚያም ግብር ውስጥ እህል በረንዳ ላይ ዐንገቱን ደፍቶ የሚያልፈው የዚያ ተሸካሚ ላብ አለበት። እንግዲህ ይጩኽለት እንጂ አይንከሰው።