አዲስ ጎማም ይሟሻል

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ፍሬን ጽፈን ነበር። ዛሬ ስለ ዶቅዶቄ ጎማ እንጽፋለን።

አዲስ ምጣድ በተገዛበት ቀን እንጀራ አይጋገርበትም። መጀመሪያ በጎመን ዘር ይሟሻል። ሳይሟሽ ከተጋገረበት እንጀራው ይጣበቃል። አዲስ የሞተር ብስክሌት ጎማም መሟሸት አለበት። የምጣዱ ጥፋት ግን እንጀራ ማበላሸት ነው። የጎማው ጥፋት እግር ይሰብራል፤ ሰውም ይገድላል።

ብዙ ሰው የሚያስበው ተቃራኒውን ነው። «ጎማዬ አዲስ ነው፤ አሁን መሬት ይይዛል» ይላል። በዚያው ቀን ሰው አፈናጦ ይበራል። እስቲ አዲስ ጎማ በእጃችሁ ዳስሱ። ልሙጥ ነው፤ ያብረቀርቃል። ፋብሪካ ውስጥ በቅርጽ ማውጫ ተጋግሮ የወጣ ነው። ያ ልሙጥ ቆዳ በመንገድ ተፍቆ እስኪሻክር ድረስ ያንሸራትታል። ዝናብ ከጣለማ ይብሳል።

ታዲያ እንዴት ይሟሻል? በመንዳት ነው፤ ግን በቀስታ። ፋብሪካዎች የሚመክሩት ርቀት ይለያያል። ብዙዎቹ ከ100 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ይላሉ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ገምቱት። እኛ ትልቁን ቁጥር ያዙ እንላለን።

እዚህ ላይ የተማራችሁት ሒሳብ ይጠቅማል። ጎማው በተገጠመ ቀን ቆጣሪውን አንብቡ። 12,340 ይላል እንበል። 160 ደምሩ። 12,500 ይሆናል። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ቆጣሪው የማይሠራ ከሆነ (ስንቱ ይሠራል?) ምልልስ ቁጠሩ። ገበያው 8 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ 16 ነው። አሥር ጊዜ ተመላለሱ፤ 160 ሞላ።

እስከዚያ ሰው አታፈናጥጡ። የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ ማድረስ ግድ ቢሆንስ? ሌላ ሞተር ፈልጉ። ከጠፋ እጅግ በቀስታ ሂዱ። ነዳጅ በድንገት አትስጡ። ፍሬን ከሩቅ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ያዙ። ኩርባ ላይ ሞተሩን በጣም አታዘንብሉ። የጎማው መሐል ቶሎ ይሻክራል። ጎንና ጎኑ ግን መሬት የሚነካው ሞተሩ ሲያዘነብል ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጥ ባለ መንገድ ብቻ 160 የሄደ ጎማ ጎኑ ገና አልተሟሸም። ማዘንበሉን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ።

እንዲያምር ብሎ ጎማ በናፍጣ ወይም በዘይት የሚወለውል አለ። ይህ ክፉ ልማድ ነው። ያንሸራትታል፤ ላስቲኩንም ይበላዋል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግም አያስፈልግም፤ መንገዱ ይበቃል።

ጎሚስታው ሲገጥም በጎማው ጎን ቀስት ካለ እዩለት። ቀስቱ ጎማው ወደ ፊት ሲሽከረከር የሚዞርበትን ያሳያል። ጠርዙን በሳሙና ውኃ ስለሚያለሰልሰው፣ ሳሙናው እስኪደርቅ ጎማው በቸርኬው ላይ ሊንሸራተት ይችላል። በማግስቱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ ንፋሱን እንደገና አስለኩ።