ደብዳቤ የማይመጣለት እገዳ

የኮሌጅ እግር ኳስ ቡድን የውድድር ወቅት ሲቃረብ በግቢው ውስጥ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ታግዷል?» የሚል ነው። ዘንድሮ በቅርብ የምከታተለው የአንድ ኮሌጅ ቡድን ካስመዘገባቸው ተጫዋቾች መካከል አምስቱን በእገዳ አጥቶ ዝግጅት ጀምሯል። ሁለቱ ባለፈው ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ ላይ በተነሣ ጠብ የተቀጡ፣ አንዱ ሁለተኛ ቢጫ ካርድ የተመለከተ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ በራሱ በኮሌጁ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ከትምህርት የታገዱ ናቸው። የኮሌጁን ስም መጥቀስ ለክርክሬ ስለማይጠቅም ትቼዋለሁ። በመምህራን ክበብም ሆነ በተማሪዎች መኝታ ቤት የምሰማው ትንበያ አንድ ዓይነት ነው፤ «ዘንድሮ ከምድባችን አናልፍም» ይባላል። ይህ ትንበያ በተሳሳተ ጥያቄ ላይ የቆመ ይመስለኛል። በእገዳ የተመታን ቡድን ዕጣ የሚወስነው የታገዱት ተጫዋቾች ብዛት ብቻ አይደለም። ከዚያ በላይ የሚወስነው እገዳውን በመዝገብ የያዘ ሰው መኖር አለመኖሩ፣ በታገደው ምትክ የሚሰለፈውም ልጅ አስቀድሞ መዘጋጀት አለመዘጋጀቱ ነው።

ይህ ሐሳብ ያደረብኝ ዛሬ አይደለም። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. በመካነ ኢየሱስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርሁ። ዕለቱ እሑድ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን ለ2014ቱ (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በአዲስ አበባ ደቡብ አፍሪካን የገጠመበት ቀን ነው። ከጋይንትና ከስማዳ ለጉዳይ የመጡ መንገደኞች ሳይቀሩ አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ውስጥ ተጨናንቀን ቆመን ተመለከትን። የደቡብ አፍሪካው በርናርድ ፓርከር ኳሷን በገዛ መረቡ ላይ ሲያሳርፍና ጨዋታው 2 ለ 1 ሲጠናቀቅ የማንንም ፊት በአግባቡ ያየሁ አይመስለኝም፤ ሁሉም ተቃቅፎ ነበርና። ኢትዮጵያ 13 ነጥብ ያዘች። ደቡብ አፍሪካ በ8 ነጥብ ስለቀረች፣ አንድ ጨዋታ እየቀረ ምድቡ በእጃችን ገባ ብለን አመንን።

ደስታው ሳይበርድ ሌላ ወሬ ደረሰ። ፊፋ ከስምንት ቀን በፊት፣ ሰኔ 1 ቀን፣ በቦትስዋና ሜዳ 2 ለ 1 ያሸነፍንበትን ጨዋታ በተመለከተ ምርመራ ከፍቶ ነበር። አማካዩ ምንያህል ተሾመ በሁለት የተለያዩ የማጣሪያ ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ ተመልክቶ ስለነበር በዚያ ጨዋታ መሰለፍ አልነበረበትም። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አምኖ ተቀበለ፤ ውጤቱም ተሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተመዘገበ። 13 የነበረው ነጥባችን ወደ 10 ወረደ።

በወቅቱ በሻይ ቤቱም በትምህርት ቤቱም የሰማሁት «ተንኮል ሠሩብን» የሚል ነበር፤ እኔም አብሬ ብያለሁ። ዛሬ የሁለቱን ካርዶች ቀን ጎን ለጎን አስቀምጬ ስመለከት ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። የመጀመሪያው ቢጫ ካርድ የታየው በግንቦት 2004 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ ጋር በተደረገው ጨዋታ ሲሆን፣ ሁለተኛው በመጋቢት 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ ነው። በመካከላቸው ከዘጠኝ ወር በላይ አለ። በእነዚህ ወራት ውስጥ ቡድኑ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፎ፣ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ ሌሎች ካርዶችና ሌሎች ቅጣቶች አይቶ ተመልሷል። ይህን ያህል ጊዜ ያለፈውንና በሌላ ውድድር ትዝታ የተሸፈነውን አንድ ቢጫ ካርድ የአሠልጣኝ ትውስታ ይይዘዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። መያዝ ያለበት ወረቀት ነው።

በዚህ ላይ ቋንቋችንም የራሱን አስተዋጽኦ ያደረገ ይመስለኛል። «ታገደ» ስንል አጋጅ እንዳለ እንገምታለን፤ አንድ ኃላፊ ተቀምጦ፣ መርምሮ፣ ወስኖ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጽፎ ያገደው አድርገን እናስባለን። መምህር ሲታገድ፣ ንግድ ቤት ሲታገድ፣ ማኅበር ሲታገድ የምናውቀው ሥርዓት ይህ ነውና። በሁለት ቢጫ ካርድ የሚመጣው የአንድ ጨዋታ እገዳ ግን እንዲህ አይደለም። ወሳኝ አካል አይሰበሰብበትም። ሁለተኛው ካርድ በተነሣበት ቅጽበት እገዳው በራሱ ጊዜ ይጸናል፤ የቀረው መቁጠር ነው፣ ቁጥሩም የቡድኑ የራሱ ሥራ ነው። ደብዳቤ ቢመጣ ለማስታወስ ያህል እንጂ እገዳውን ለመውለድ አይደለም። «ደብዳቤ አልደረሰንም» የሚለው መልስ በቢሮ ሥራችን ብዙ ጊዜ ያድነናል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን የሚያድነው የለም።

የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን በዚህ ብቸኛ እንዳልነበረም መታወስ አለበት። በዚያው ሰኔ ወር ቶጎ አማካዩን አሌክሲስ ሮማኦን እገዳ ላይ ሳለ በካሜሩን ላይ አሰልፋ ያገኘችውን ድል በፎርፌ አጥታለች። ከሁሉ የሚያሳዝነው የኬፕ ቨርዴ ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. ቱኒዚያን በሜዳዋ 2 ለ 0 አሸንፋ ወደ መጨረሻው ዙር ማለፏን ካበሰረች በኋላ፣ ተከላካዩ ፈርናንዶ ቫሬላ እገዳውን ሳይጨርስ መሰለፉ ታወቀ። ውጤቱ ተገልብጦ ቱኒዚያ አለፈች። ለኬፕ ቨርዴ የቀረ ጨዋታ ስላልነበረ ማካካሻ አልተገኘም። እኛ በዚያው ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፈን ምድቡን መርተን አጠናቀናል። በሁለቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጥንቃቄ አልነበረም፤ የእኛ ስሕተት ቀድሞ መከሰቱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር 2006 ዓ.ም. በናይጄሪያ 2 ለ 1 እና 2 ለ 0 ተሸንፈን ቀርተናል፤ ያ ግን በሜዳ የመጣ ሽንፈት ስለሆነ ማንም አያፍርበትም።

እዚህ ላይ ቀላል ሆኖ ሳለ የሚዘነጋ ስሌት አለ። ያን ዕለት ምንያህል ባይሰለፍና ቡድኑ በቦትስዋና ቢሸነፍ ኖሮ የምናገኘው ነጥብ ዜሮ ነበር። ተሰልፎ ካሸነፍን በኋላም ያገኘነው ዜሮ ነው፤ ያውም ሦስት ግብ ተቆጥሮብን። ስለዚህ የታገደን ተጫዋች ማሰለፍ ከተደረሰበት ሊያስገኝ የሚችለው ከሁሉ የተሻለ ውጤት እንኳ፣ ያለ እሱ ገብቶ ከመሸነፍ አይበልጥም።

እገዳ በሁሉም ውድድር አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። አሥራ ስድስት ክለቦች ባሉበት ሊግ አንድ ክለብ በዓመት 30 ጨዋታ ያደርጋል፤ የአንድ ጨዋታ እገዳ የወቅቱ ሠላሳኛ እጅ ነው። አራት ቡድኖች ባሉበት የኮሌጆች ምድብ ግን እያንዳንዱ ቡድን የሚያደርገው ሦስት ጨዋታ ነውና ያው እገዳ የምድቡን ሢሶ ይወስዳል። መዝገብ ያዥ፣ ጸሐፊና የሕግ ባለሙያ ያለው በሊጉ ውስጥ ነው፤ ቅጣቱ አሥር እጥፍ የሚከብደው ግን ደብተር እንኳ በሌለው የኮሌጅ ቡድን ላይ ነው። ካርድ ደግሞ እገዳ ባያስከትልም ዋጋ አለው። በ2018 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የዓለም ዋንጫ ሴኔጋል ከጃፓን ጋር በነጥብም፣ በግብም፣ እርስ በርስ ባደረጉት ጨዋታም እኩል ሆና ሳለ ከውድድሩ የወጣችው የእሷ ቢጫ ካርድ ስድስት፣ የጃፓን አራት በመሆኑ ነው።

የተተኪውን ነገር በተመለከተ ከ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ጥር 13 ቀን ከወቅቱ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ። በዐሥር ሰው የቀረው ቡድን አልተንበረከከም፤ አዳነ ግርማ ባስቆጠረው ግብ 1 ለ 1 ተለያየን። ችግሩ የታየው ቀጥሎ ነው። የግብ ጠባቂው ቦታ ከጀማል ወደ ዘሪሁን ታደለ፣ ከዚያም ወደ ሲሳይ ባንጫ ተሸጋገረ። በሦስተኛው ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር ሲሳይም በቀይ ካርድ ሲወጣ ቅያሪው ሁሉ ስላለቀ ግብ ጠባቂ ሆኖ የቆመው የሜዳ ተጫዋቹ አዲስ ሕንጻ ነበር። ወደ ምድቡ ሁለተኛ ጨዋታ መለስ ስንል ደግሞ ተቃራኒውን እናገኛለን። ቡርኪና ፋሶ ግብ ጠባቂዋ ሱላማ በቀይ ካርድ ሲወጣ አንድ ግብ ብቻ እየመራች ነበር፤ በዐሥር ሰው ከቀረች በኋላ ሦስት ግብ ጨምራ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ይህን ጨዋታ ሳስታውስ አሁንም ያመኛል። ሆኖም ሰው የጎደለበት ቡድን ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳየን ሌላ ሳይሆን ያ ቡድን ነው።

ያው ቡድን ሌላም ነገር አሳይቷል። በግማሽ ፍጻሜው ከጋና ጋር ጆናታን ፒትሮይፓ ባልተገባ ቀይ ካርድ ሲወጣ፣ ከዳኛው ስሕተት በኋላ ካርዱ ተሰርዞለት በፍጻሜው ሊሰለፍ ችሏል። እገዳ በማስረጃ ሊሞገት የሚችል ነገር ነው ማለት ነው። የሚሞገተው ግን በአግባቡ አቤት በማለት እንጂ እንዳልሰሙ ሆኖ ተጫዋቹን በማሰለፍ አይደለም። (በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ፊፋ በአመራር ውዝግብ ሳቢያ በራሱ በፌዴሬሽናችን ላይ የጣለው እገዳና ከማጣሪያው መሰረዛችን ሌላ ባሕርይ ያለው ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አላነሣውም፤ ያን እገዳ ማንኛውም ደብተር ያዥ ሊከላከለው አይችልም ነበርና።)

«የኮሌጅ ቡድን ትጥቅ እንኳ የሌለው ነው፤ ከየት አምጥቶ መዝገብ ያዥ ይቀጥራል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህንኑ ብሎኛል። የሚያስፈልገው ግን ባለ መስመር ደብተርና ከጨዋታው በኋላ ከዳኛው ወይም ከታዛቢው ጋር ካርዶችን የሚያመሳክር አንድ ተማሪ ብቻ ነው። የበለጠ የሚያሳስበኝ የተማሪነት ዕድሜ ነው። ሦስት ዓመት ብቻ በሚቆይ ቡድን ውስጥ ካርዱን ያየው አንድ ዓመት፣ የሚታገደው በቀጣዩ ዓመት ሲሆን፣ ያስታውሱ የነበሩት የቡድን መሪና አምበል ተመርቀው ሄደዋል። ከዓመት ወደ ዓመት የሚሻገር ቅጣት በሰው ትውስታ ላይ ከተጣለ የሚጠፋው በክረምቱ ነው።

ወደ ተነሣሁበት ቡድን ልመለስ። «አምስት ታግዶብናል» የሚሉት ሰዎች አምስቱም በሦስቱ ጨዋታዎች ሁሉ የማይኖሩ አድርገው ይቆጥራሉ። ሁለተኛ ቢጫ ያየው ልጅ የሚያመልጠው የመጀመሪያው ጨዋታ ብቻ ነው። በጠቡ የተቀጡት ሁለቱ የሚቀርባቸው ሁለት ሁለት ጨዋታ ስለሆነ በሦስተኛው ይመለሳሉ። እስከ መጨረሻው የማይኖሩት ኮሌጁ ያገዳቸው ሁለቱ ናቸው። እንግዲህ በመጀመሪያው ጨዋታ አምስት፣ በሁለተኛው አራት፣ በሦስተኛው ሁለት ሰው ይጎድላል። ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሒሳብ አይደለም። በመጀመሪያው ጨዋታ ተከላክሎ አንድ ነጥብ የሚፈልግ፣ ሦስተኛውን ለማሸነፍ የሚያቅድ አሠልጣኝ ከምድቡ ሊያልፍ ይችላል ብዬ አምናለሁ። የሚያሰጋኝ የቀኝ ተከላካዩ ቦታ ነው፤ ከታገዱት ሁለቱ በዚያ ቦታ የሚፈራረቁ ነበሩና፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ በልምምድ ላይ በቦታቸው የተሞከረ ልጅ አላየሁም።

ሁለተኛው ሥጋቴ ከዚህ ይከብዳል። ሁለተኛ ቢጫ ካርድ ስላየው ልጅ የቡድን መሪውን ስጠይቃቸው «ከአዘጋጁ ደብዳቤ አልደረሰንም፤ ስለዚህ ተሰላፊ ነው» ብለውኛል። የቦትስዋናውን ጨዋታ አነሣሁባቸው። እርሳቸውም ያን እሑድ ጨዋታውን ማየታቸውን፣ ማልቀሳቸውንም ነገሩኝ፤ ብዙ አወጋን። ትናንት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን የመጀመሪያ ጨዋታ ዝርዝር ስመለከት የልጁ ስም በአራተኛ ተራ ቁጥር ላይ ሰፍሮ አገኘሁት።